የሰማይ መስፋትና የመሪየም ዝምታ

ላይደን፣ ሆላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ ሐጂ ሸረፈዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ጆሮዎን ከክፉ ወሬ የከለለ ጌታ ለደግ ወሬ ይክፈትልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ጃንጥላ መያዝ ትርፉ ከነፋስ ጋር መታገል ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «የእህትህ ልጅ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ኮከብ ትቆጥራለች እላለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ» ብለውኛል። አልተሳሳቱም፤ እቆጥራለሁ። የምቆጥረው ግን ጋላክሲ ነው። አንድ ጋላክሲ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት አብረው የሚኖሩበት ሰፈር ነው ይበሉት። እነዚህ ሰፈሮች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ነው። እግር ኖሯቸው አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ነው የሚሰፋው።

ይህ ከታወቀ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ሊቃውንቱ ስበት ስላለ መራራቁ ቀስ በቀስ ይበርዳል ብለው ሲጠብቁ ኖሩ፤ ወደ ላይ የወረወሩት ድንጋይ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ማለት ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሲለኩት ጭራሽ እየፈጠነ ተገኘ። የሚያፈጥነው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ስም ብቻ አወጡለት፤ ጽልመታዊ ኃይል አሉት። በዓለም ካለው ነገር ሁሉ ከአሥር እጅ ሰባቱ እጅ ገደማ እሱ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ላሉኝ እንግዲህ መልሴ የማላውቀውን ነገር መለካት ነው።

እንዲህ እየፈጠነ ከቀጠለ፣ እጅግ ሩቅ በሆነ ዘመን የሩቆቹ ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ እኛ መድረሱ ይቀራል። እነሱ ይኖራሉ፤ ወሬያቸው ግን አይደርስም። ቡድናችን የሚለካው ይህ የኃይሉ ግፊያ እንደ ጥንቱ መሆኑን ወይም መለወጡን ነው።

ለእማ ሲያነቡላት ቀስ ይበሉላት። እሷም እንደ ልማዷ መጨረሻው ላይ የራሷን ቃል ታስጽፍልኝ። ያውቁታል፤ እዚህ በመጣሁ ሰሞን በስልክ ባወራን ቁጥር ሁለታችንም እያለቀስን ሥራ ፈታን፤ «ከእንግዲህ ደብዳቤ ብቻ» ያለችው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በእርስዎ እጅ የምታስጽፋት ያቺ መስመር ለእኔ ድምፅዋ ናት።

ልጅዎ ሰሚሐ

*

ባሕር ዳር
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሰሚሐ፣

ወዐለይኩሙሰላም። ሰማዩን ያለ ምሰሶ ያቆመ አላህ አንቺንም በሰው አገር ቀጥ አድርጎ ያቁምሽ። እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ወደ ልኩ እየተመለሰ ነው። ጉልበቴ እንደ ሐይቁ አይደለም፤ ወደ ልኩ አልተመለሰም።

ደብዳቤሽን ልጄ ሰላህ ፔዳ ሰፈር ካለ ኮፒ ቤት አሳትሞ አመጣልኝ። ለእናትሽ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። አንብቤ ስጨርስ ዝም ብላ ቆየች። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልምና ሱቅ ውስጥ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራሁት። አንዱ ደንበኛዬ «ሐጂ፣ ይሄ ሁሉ ሲሰፋ የዓባይ ማዶ ቤት ኪራይ ለምን ይወደዳል?» አለኝ። መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

ነገሩን ካሰብሁት ወዲህ አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ ወረታ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የሚለካው በክንድ ነበር። ገዢ ሁሉ ረጅም ዘመዱን እየጎተተ ይመጣል፤ «በዚህ ሰው ክንድ ለካልኝ» ይላል። አባቴም ሞኝ አልነበረም፤ አጭር የአክስቱን ልጅ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ነበር። ታዲያ እናንተ ሰማዩን የምትለኩት በማን ክንድ ነው? ለኪው ሰው እንዲረዝም የሚፈልግ ከሆነ ይረዝማል፤ እንዲያጥር ከፈለገም ያጥራል። አርባ ዓመት ጨርቅ ስለካ ያየሁት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ልማዴን ልለምንሽ። ሁልጊዜ የምለምንሽን የጉልበቴን ቅባት ዛሬ ተዪው። ሰው ሲመጣ ለቅርብ ማንበቢያ የሚሆን መነጽር ላኪልኝ፤ ቁጥሩ ሁለት ተኩል፣ ፊቷ ጠበብ ላለ ሴት የሚሆን። ለእኔ አይደለም።

እናትሽ ደህና ናት።

አጎትሽ ሸረፈዲን

*

ላይደን
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሚሰማኝን ደስታ አላህ ለእርስዎ በእጥፍ ይስጥዎ።

የክንዱን ነገር ለአለቃዬ ተረጎምሁላት። ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች፤ ቀጥላም «አጎትሽ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቡድናችን ውስጥ ገብተዋል» አለችኝ። የጠየቁን ትልቁን ጥያቄ ነውና።

ክንዳችን ይህ ነው። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች እንደ ፍል ውኃ የምትንተከተክ ነበረች፤ በውስጧም ድምፅ ይመላለስ ነበር። ስትቀዘቅዝ ድምፁ ባለበት ቆመ፤ የደረሰበት ርቀት ምልክት ትቶ ቀረ። ዛሬ ጋላክሲዎቹን ስንቆጥር በዚያ ርቀት ላይ ከሌላው ትንሽ በዝተው እናገኛቸዋለን። የማንም ዘመድ ክንድ አይደለም፤ ርዝመቱ የታወቀ ነው። በየዘመኑ ስንት ሆኖ እንደሚታይ ስንለካ የሰማይን መስፋት እናውቃለን።

ለኪው የፈለገውን እንዳያገኝ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለን። ከመካከላችን አንድ ሰው መዝገቡን በሚስጥር ቁጥር ያዛባዋል። ስልሳ ሰዎች ነን፤ ማናችንም እውነተኛውን ውጤት አናይም። ሥራው ተፈትሾ ሲያልቅና ከዚህ በኋላ ምንም አንነካም ብለን ስንፈራረም፣ ሚስጥሩ ቁጥር ይነሣል፤ እውነቱ ይወጣል። የእኛ መጋቢት 18 ቀን ይከፈታል። የአምስት ዓመት ሥራ ነው፤ የእኔ ደግሞ የሦስት። እስከዚያው የምናውቀውን ሳናውቅ እንኖራለን።

መነጽሩን ገዝቼ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ለማን ነው? ደግሞ እማ ለምን ምንም አላስጻፈችም? «አሞሽ ነበር?» ብለው ይጠይቁልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ሰሚሐ

*

ባሕር ዳር
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሰሚሐ፣

ወዐለይኩሙሰላም። አላህ በምትሄጅበት ሁሉ ቀና ሰው ያጋጥምሽ። መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በእኔ ስንፍና ነው።

የሚስጥሩ ቁጥር ነገር ደስ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ለአለቃሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደመወዙንም ከአሁን ጀምሮ ማሰብ ትችላለች። አንድ ነገር ሥጋት ሆኖብኛል ግን። ተከፍቶ ሲታይ ግፊያው እየባሰበት ቢሆንስ? አንድ ቀን ማንም ከማንም ወሬ አይሰማም ማለት ነው? የመስጊዳችንን ሼኽ ጠየቅኋቸው፤ «ሸረፈዲን፣ አንተ እንኳን ያኔ አሁንም አትሰማም» ብለው ሳቁብኝ። ከሳቃቸው በኋላ ግን እሳቸውም አሰብ አደረጉ።

መነጽሩ ደርሷል፤ ልክ ሆኗል። ለማን እንደሆነ መጠየቅ ምን ያደርጋል፤ የሰጠሽውን አላህ አይቶታል። ካገኘሽ ደግሞ በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ላኪ፤ እዚህ መብራት እየጠፋ ተቸግረናል።

እናትሽ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። ስለሷ አታስቢ፤ ትምህርትሽን ብቻ አስቢ።

አጎትሽ ሸረፈዲን

*

ላይደን
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ምርቃት አላበዛም፤ ይቅር ይበሉኝ።

አባቴ ሲሞት አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ። የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት። «ትንሽ አሞታል፤ ትምህርትሽን አስቢ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» እያሉኝ ፈተናዬን ጨረስሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ አምስት ዘመዶቼ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አባቴ የተቀበረው እኔ ሒሳብ ስፈተን ነበር። ያኔ አልተቀየምሁም፤ የአገራችን ወግ ነው፤ ለሩቅ ሰው መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው ብዬ ተውሁት።

አሁን ደግሞ እነዚያኑ ቃላት ጽፈውልኛል። አራት ወር ሙሉ እማ አንዲት ቃል አላስጻፈችም። ማስጻፍ ከጀመረች አንድም ደብዳቤ ዘልላ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት፤ ሁለት ጊዜ አለፉኝ። ስለዚህ ስምምነታችንን አፈረስሁ፤ ደወልሁላት። ዘጠኝ ቀን፣ በየቀኑ ደወልሁ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ማታ ስሞክር ደግሞ መስመሩ አይገባም። ስልኳ ቤት ውስጥ አለ፤ እሷ ግን የለችም።

ሥራዬ ከማይታይ ነገር ላይ እውነቱን ማውጣት ነው። ያለኝን ሁሉ አንድ ላይ ሳስቀምጠው የሚወጣው አንድ መልስ ነው፤ እሱንም በቃሌ ማለት አልችልም።

ለመጋቢት 17 የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። ውጤታችን የሚከፈተው በማግሥቱ ነው፤ አልገኝም። ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ይለፈኝ፤ እማ ከሌለች ሰማዩ ቢሰፋስ ባይሰፋስ ለእኔ ምኔ ነው? ሞታ ከሆነ ይንገሩኝ አጎቴ። በአላህ ስም እለምንዎታለሁ፤ አምስት ሰው ደጃፌ ላይ አይላኩብኝ። በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ።

ሰሚሐ

*

ባሕር ዳር
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰሚሐዬ፣

እናትሽ በሕይወት አለች። ወላሂ አለች። ቢላሂ አለች። መጀመሪያ ይህንን አንብቢና ቁጭ በዪ፤ ውኃም ጠጪ። ሰላህ ከደብዳቤው ጋር ያነሣትን ፎቶ ልኮልሻል፤ እሱንም እዪ፤ ከዚያ ትቀጥያለሽ።

ፎቶው ላይ የተቀመጠችበት አግዳሚ የሕፃናት ነው። ዓይኗ ላይ ያለው መነጽር አንቺ የላክሽው ነው። ፊቷ ጠበብ ያለችው ምስኪን ሴት እናትሽ ናት። መሪየም ፊደል እየቆጠረች ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥቅምቱን ደብዳቤ አንብቤላት ስጨርስ ዝም ያለችው ለካ ወሬያቸው አይደርስም የሚለውን እያሰበች ኖሯል። በማግሥቱ መጥታ «ከእንግዲህ በአንተ እጅ አላስጽፍም፤ እኔው እጽፍላታለሁ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በሚያፍርበት አግዳሚ ላይ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ልትቀመጥ! ሳቅሁባት። እሷም ሳቄን ለመቅጣት አስማለችኝ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በራሷ እጅ እስክትጽፍ ድረስ ላልነግርሽ ወላሂ አስባለችኝ። ዓባይ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት፣ ሕፃናቱ ሲወጡ፣ የጎልማሶች ክፍል አለ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እሑድ ሳይቀር በየቀኑ ትማራለች። መምህርቷ ወለላ «እንደ ሐጂት መሪየም የሚጨቀጭቀኝ ተማሪ የለም» ትላለች።

አሁን አንቺ ሰማይ ለኪ፣ ንገሪኝ። በስንት ሰዓት ነበር የደወልሽው? ሰላህ የእናትሽን ስልክ ከፍቶ አየው። ዘጠኙም ጥሪ በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው! በምሳ እረፍትሽ መሆኑ ነው፤ ማታማ ኔትወርካችን ይጠፋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአንድ ሰዓት ደውለሽ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያለችን ሴት ቀበርሻት። ስልኩን ቤት የምትተወው መምህርቷ ስልክ ይዛችሁ አትግቡ ስላለች ነው። ጥሪውን ስታይ ደግሞ «ድምፄን ከሰማች ሚስጥሩ ያመልጠኛል» ብላ ዝም አለች። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ብትደውዪ ኖሮ ሳታስበው ታነሣው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ስቄ ግን አልጨረስሁም። የአባትሽን ነገር ያነሣሽበትን ደጋግሜ አነበብሁት። ያኔ ያደረግሁት ደግ መስሎኝ ነበር፤ ፈተናሽን እንድትጨርሺ ብዬ። አባትሽን ሳትሰናበቺ ቀረሽ፤ ያንን የወሰድሁብሽ እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት ጠይቄሽ አላውቅምና ዛሬ አፉ በዪኝ። አሁንም ያንኑ ቃል መጻፌን ያወቅሁት አንቺ ስትነግሪኝ ነው፤ ለካ ሌላ ቃል አልተማርሁም።

ይህን በመጻፌ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሼኹ አሥር ሚስኪን አብላ አሉኝ። ትናንት አሥር ሰው ቤቴ ምሳ በላ፤ ጥጋባቸው የአንቺ ነው። እናትሽ በበኩሏ አኩርፋኛለች፤ በበር ስታልፍ ወደ ሐይቁ እያየች ነው የምታልፈው። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ከዚያ በፊት ትታረቀኝ ይሆናል።

ትኬቱን መልሺ። ቀንሽ ላይ ተገኚ። ሲከፈት ምን እንደወጣ ለእኔም ንገሪኝ፤ ያቺ ሥጋቴ አለቀቀችኝም።

አጎትሽ ሸረፈዲን

*

ላይደን
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ ሐጂ ሸረፈዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። ጾማችሁን አላህ ይቀበል።

ፎቶውን ሳየው ቢሮ ውስጥ ነበርሁ። ጮኽሁ። ከጎኔ ያለው ልጅ የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሎት ተነሣ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ስቄም አላውቅ እንደዚያን ቀን። እማ አፏን ጥብቅ አድርጋ እርሳሷን እንደ ማንኪያ ይዛለች! ማታውን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ተኛሁ፤ ከጥር ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

ስህተቴንም ለአለቃዬ ነገርኋት። እኛ ዘንድ ይህ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ሰማዩን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ «የለም» ማለት። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይህን እንዳያደርግ የማስተምረው እኔ ነኝ። ለሌላው ሳስተምር በእናቴ ላይ አደረግሁት። የፈራ ሰው የሚለካው በፍርሃቱ ክንድ ነው።

«አፉ በዪኝ» ብለውኛል። ብዬዎታለሁ፤ ከልቤ ብዬዎታለሁ። ለወደፊቱ ግን ይንገሩኝ፤ ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ።

አሁን ወደ ሥጋትዎ። መጋቢት 18 ቀን ስልሳችንም አንድ አዳራሽ ገባን። ሌላው ሲጨነቅ ቡና ይጠጣል፤ እኔ ጾመኛ ስለነበርሁ ጥፍሬን ነክሼ ተቀመጥሁ። ሚስጥሩን የያዘው ሰው አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ነጥቦቹ ግድግዳው ላይ ወደ ቦታቸው ሄዱ።

ግፊያው አሁንም አለ፤ ሰማዩም እየሰፋ ነው። ነገር ግን ግፊያው ከጥንቱ እየደከመ የመጣ ይመስላል። «ይመስላል» ያልሁትን ለሱቅዎ ደንበኞች ሳይዘልሉ ያንብቡላቸው፤ እርግጠኛ ለመሆን ገና ብዙ መለካት ይቀራል። ሌሎች ቡድኖችም ተመሳሳይ ፍንጭ አይተዋል፤ ሁላችንም ተሳስተን ሊሆንም ይችላል። እውነት ከሆነ ግን ያ ኃይል እንደፈራነው ለዘላለም የማይለወጥ አይደለም ማለት ነው። ሁሉም ከሁሉም ወሬ የሚያጣበት ዘመን ይመጣል ብሎ አሁን በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የለም። ለሼኹም ይንገሩልኝ። ይተኙ አጎቴ።

ለእማ አልጻፍሁም። ደብዳቤዋን እየጠበቅሁ ነው፤ ጊዜ ትውሰድ።

ልጅዎ ሰሚሐ

*

ባሕር ዳር
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚሐ፣

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ተኛሁ፤ ጠግቤ ተኛሁ። ዛሬ የእኔ ሥራ ፖስታ ማድረስ ብቻ ነው። የሚከተለውን የጻፈችው እሷ ናት፤ አራት ቀን ፈጀባት፤ በሩን ዘግታ ስለነበር እኔ አላየሁትም፤ ሰላህም ፎቶውን ያነሣው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ይላል። ታርቀናል።

ሸረፈዲን

*

ለልጄ ለሰሚሐ

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። መብራቱ ደርሶኛል። ብርሃኑ ጥሩ ነው።

ሞተች ብለሽ ማልቀስሽን ሰማሁ። ይቅር በይኝ። እኔ ላስደስትሽ ነበር።

ወንድሜ ደግ ነው። ግን በሱ እጅ የማይጻፍ ነገር ነበረኝ። ወንድም ነው። ታላቄ ነው። አፈርሁ። ሦስት ዓመት አፈርሁ። ለዚህ ብዬ ተማርሁ።

የሄድሽ ቀን አልሸኘሁሽም። ራሴን አሞኛል አልሁሽ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ እማ ቻው አልሽኝ። አልዞርሁም። የተቀየምሁሽ መስሎሽ ሄድሽ። አውቃለሁ።

ራሴን አላመመኝም ነበር። ከዞርሁ አልለቅሽም ብዬ ነው። እጅሽን ከያዝሁ አውሮፕላኑ ያለ አንቺ ይሄድ ነበር።

ይህን ላንቺ ብቻ ነው የጻፍሁት። እጄ ደከመ። ልቤ ቀለለኝ።

እናትሽ መሪየም